41 በረራ፣ 3 ሰዓት ተኩል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጀርመን ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው። 38 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጭነት መጋዘን ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ያደግኩት ደባርቅ ነው። ልጅ ሆኜ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር እያየሁ ነበር የምውለው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ካቻምና በጸደይ እዚህ አንድ የግላይደር ክለብ ተመዘገብኩ። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው፤ ዊንች በገመድ ስቦ ያወጣዋል፣ ከዚያ መንሳፈፍ ነው።

እስካሁን 41 ጊዜ በርሬያለሁ። ለብቻዬ ግን አልለቀቁኝም። ከእኔ በኋላ የተመዘገበ የ14 ዓመት ልጅ ባለፈው ወር ብቻውን በረረ። ቆሜ አጨበጨብኩ። ቤት ስገባ ግን እራት አልበላልኝ አለ። የምበላሸው ማረፍ ላይ ነው። መሬት ሲቀርብ አፍንጫውን ቀና አደርገውና ተመልሶ ይነሳል። አንዱ አስተማሪ ፍሬን (ከክንፉ ላይ ወጥቶ አየር የሚገታውን) ጨምር ይለኛል፤ በሌላ ሳምንት ሌላው መጥቶ ቀንስ ይለኛል። ጀርመንኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ አየር ላይ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ‹ገባህ?› ሲሉኝ ‹አዎ› እላለሁ። ብዙውን ጊዜ የዓርብ ሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ትንሽ አሸልቤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የምደርሰው። ሁለት ሦስቴ በርሬ ቶሎ ወደ ቤት። ባለቤቴ ደግሞ ‹ሞተር በሌለው ነገር ገንዘብህን ከምትበትን ከልጆችህ ጋር ዋል› ትላለች። ላቁመው? ወይስ ክለቡን ትቼ፣ ከፍዬ ትምህርት ቤት ልግባ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልክህን አውጣና አንድ ሒሳብ እንሥራ። በዊንች የሚነሳ የተማሪ በረራ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሙቅ አየር ካላገኘ፣ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። 41 ሲባዛ በአምስት 205 ደቂቃ ይሆናል። 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ሁለት ዓመት ተምሬ አልቻልኩም የምትለኝ በዚህች ነው። መኪና መንዳት ስትማር በ3 ሰዓት ተኩል የት ደርሰህ ነበር? እኔ እንኳ በዚያ ጊዜ ማርሽ ስቀይር ሞተር እያጠፋሁ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብኝ ነበር።

እዚያ አገር ፈቃዱን ለማግኘት ራሱ ሕጉ ቢያንስ 15 ሰዓት ሥልጠናና 45 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ይጠይቃል። ለብቻ ለመለቀቅ ግን የተቆረጠ ቁጥር የለም። አስተማሪው ዓይኑ ሲሞላ ነው። ዊንች ላይ 50፣ 60 በረራ የፈጀበት ተማሪ ሞልቷል፤ ከዚያም ያለፈ አለ። ስለዚህ አልዘገየህም። የዘገየህ የመሰለህ ያ ልጅ ስላለ ነው።

ልጁን ደግሞ በደንብ እየው። ሕጉ በ14 ዓመት ለብቻ መብረር ይፈቅዳል፤ መኪና ለመንዳት ገና ዓመታት እየቀሩት ማለት ነው። ግን በረራው የተቀላጠፈለት በዕድሜው ብቻ አይመስለኝም። በሩ ሲከፈት ጠዋት እዚያ ነው፣ ማታ ሲዘጋም እዚያ ነው። የሌላውን ማረፍ ቆሞ ሃያ ጊዜ ያያል። ክንፍ ይይዛል፣ ገመድ ይጎትታል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚበረው አንተ በሁለት ወር የምትበረውን ያህል ሳይሆን አይቀርም። እጅ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። በሦስት ሳምንት አንዴ የሚመጣ እጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በረራዎች የረሳውን ለማስታወስ ይጨርሳቸዋል። ሦስተኛው ላይ መማር ሲጀምር አንተ ቦርሳህን ይዘህ ትሄዳለህ።

ስለ ሌሊት ፈረቃው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፦ ሌሊቱን ሠርተህ በዚያው ቀን አትብረር። በቃ። ክለብ ሂድ፣ መሬት ላይ ሥራ፣ ስምህን ግን በረራ መዝገብ ላይ አታስጽፍ። ማረፍህ የሚበላሸው ግማሹ ከዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የደከመ ዓይን መሬት መቼ እንደቀረበች አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የያዘህ በሽታ ዕድሜም ጀርመንኛም አይደለም። ይሉኝታ ነው።

«ገባህ ሲሉኝ አዎ እላለሁ» ያልከውን አሥምሬበታለሁ። ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አስተማሪ ፊት «አልገባኝም» ማለት እኛ ዘንድ ድፍረት ይመስላል። የኔታ አንዴ ከተናገሩ አለቀ። እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው ጀርመን አንድ ክለብ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቻለሁ። በዊንች እየወጣን ነው። አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና ብሏል። ከኋላዬ አስተማሪው «ናኽላሰን!» ይላል። ስቲኩን፣ ማለትም መሪውን ዘንግ፣ ላላ አድርግ ማለቱ ነው። እኔ የሰማሁት «ናኽ…» የሚለውን ብቻ ነበር። «ያ፣ ያ!» ብዬ በትህትና መለስኩና ጭራሽ ሳብኩት። ሰውየው ስቲኩን ነጥቆኝ አስተካከለው። መሬት ስንወርድ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ምንድነው ያልኩህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ለካ የፈራሁት እንዳልገባኝ እንዳያውቅ ነበር፤ መሞቴን አልፈራሁም። ከዚያ አንድ ብጫቂ ወረቀት አወጣና አምስት ቃላት ጻፈልኝ። በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ እያነበብኩ ሸመደድኳቸው።

አንተም እንዲህ አድርግ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪህን ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ያዘውና «አየር ላይ የምትናገረው ግማሹ ያመልጠኛል፤ የምትጠቀምባቸውን ቃላት ጻፍልኝ» በለው። ናኽላሰን፣ ናኽድሩከን (ስቲኩን ወደፊት ግፋ)፣ አብፋንገን (ለማረፍ አቅናው)። «ክላፐን ራውስ»ና «ክላፐን ራይን» ደግሞ በተለይ አጥብቀህ ያዝ። አንዱ ፍሬኑን አውጣ፣ ሌላው አስገባ ነው፤ በነፋሱ ጩኸት መሃል መንትያ ይመስላሉ። ካልሰማህ «አልሰማሁም» በል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው «አዎ» ካልክ ሠራኸው ብሎ ነው የሚያምን። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ቤተሰብ አለው።

ይሉኝታህ ሁለተኛ ፊትም አለው። እንግዳ ሆነህ ነው የምትኖረው። ከሰዓት መጥተህ፣ በርረህ፣ አመስግነህ ትሄዳለህ። ሰው ላለማስቸገር እንደሆነ ይገባኛል። እነሱ ግን የሚያዩት ሌላ ነው። ክለብ ማለት፣ በእኛ ቋንቋ ካልኩህ፣ እድር ነው። እድር ላይ ወርሃዊውን ከፍሎ ድንኳን ሲተከል የማይታይ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። አስተማሪዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ሰኞ ወደየቢሮአቸውና ወደየፋብሪካቸው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ዊንቹ ላይ የተቀመጠው ሰው አንተን ለማውጣት ነው ቀኑን ሙሉ እዚያ ሜዳው ጫፍ የሚውለው። አንድ ግላይደር ሙቅ አየር አጥቶ ሩቅ ሰው እርሻ ላይ ቢያርፍ፣ ማታ በጨለማ ተጎታች ይዘው የሚሄዱለት እነዚሁ ናቸው። በረራው ርካሽ የሆነልህ ሁሉም ጉልበቱን ስለሚያዋጣ ነው።

ነገሩ ከጥንትም እንዲሁ ነው የመጣው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመኖች በሞተር መብረርን በጣም ገደበባቸው። ተማሪዎችና ከጦርነት የተመለሱ አብራሪዎች ግላይደራቸውን ተሸክመው ቫሰርኩፐ የሚባል ተራራ ላይ ወጡ። ከፍታው 950 ሜትር ነው፤ ደባርቅ ላደገ ሰው ኮረብታ ቢባል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያውን ውድድር እዚያ አደረጉ። በ1922 አርቱር ማርተንስ ቫምፒር በምትባል ግላይደር ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ። ያኔ አንዱን ለማስነሳት በርካታ ሰው ላስቲክ ገመድ ይዞ ቁልቁል ይሮጥ ነበር። ብቻውን ተነስቶ የበረረ ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ጠዋት ሂድ። ሌሊት ካልሠራህ ማለቴ ነው። ሃንጋሩ ሲከፈት ድረስ። ክንፍ መያዝ ተማር፤ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘህ ገመዱ ሲወጠር «ዛይል ሽትራፍ!» ማለት፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ አብሮ መሮጥ። ዊንች መንዳት እንዲያስተምሩህ ጠይቅ። ያኔ ያ ገመድ ከታች እንዴት እንደሚሠራ ታያለህ፤ ስትወጣም ፍርሃትህ ይቀንሳል። ማታ ክንፉ ላይ የተጋገረውን ትንኝ በስፖንጅ ስታጥብ አጠገብህ የሚያጥበው ሰው ምናልባት አስተማሪህ ነው። ከአየር ላይ ይልቅ እዚያ ባልዲ አጠገብ ብዙ ትማራለህ። በዝግታ ነው የሚያወራው፣ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ያሳይሃል። አንድ ጊዜ ድፎ ዳቦ ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ስምህን በትክክል መጥራት ይጀምራሉ። ይህንን በልምድ ነው የምነግርህ።

ማረፍ ላይ እንምጣ። አፍንጫው ተመልሶ የሚነሳብህ፣ ሳልሳሳት አልቀርም፣ ከፊትህ ያለውን ሣር ስለምታይ ነው። አፍንጫ ሥር ያለ ሣር በፍጥነት ስለሚሮጥብህ ትደነግጥና ትስባለህ። ለማቅናት ስትጀምር ዓይንህን ወደ ሜዳው መጨረሻ ወርውረው። እዚያ ዛፍ ይኖራል፣ አጥር ይኖራል። እሱን እያየህ በጎን ዓይንህ መሬቷ ወደ ላይ ስትመጣ ይታወቅሃል። አንዴ ካቀናኸው በኋላ ስቲኩን ያዝ፣ በትንሽ በትንሹ ብቻ ሳብ፣ ራሱ ፍጥነቱን ጨርሶ ይቀመጣል። ፍሬኑን እዚያ ሰዓት ላይ አትነካካ። ተመልሶ ከተነሳብህ ደግሞ ደንግጠህ አትግፋው።

የሁለቱ አስተማሪዎች ነገር፣ እንደሚመስለኝ፣ ተቃርኖ የለበትም። ከፊት ጠንካራ ነፋስ ባለበት ቀን ግላይደሩ ወደፊት የሚሄደው ትንሽ ነው፤ ፍሬን ካበዛህ ሜዳው ሳትደርስ ታርፋለህ፣ ስለዚህ ቀንስ ይልሃል። ነፋስ በሌለበት ቀን ደግሞ ሜዳውን አልፈህ ልትሄድ ነውና ጨምር ይልሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ያም ሆኖ ጀማሪን ግራ ያጋባል። የሥልጠና መዝገብህ ላይ እያንዳንዱ አስተማሪ ይፈርማል አይደል? ከፊርማው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልህ ለምናቸው፤ «ቀጣዩ ሥራ ይህ ነው» የሚል። በተጨማሪ የራስህ ደብተር ይኑርህ። ነፋሱ ከየት ነበር፣ ፍሬኑ ምን ያህል ወጥቶ ነበር፣ የት አረፍኩ። በአማርኛ ጻፈው። በአሥር በረራ ውስጥ ራስህ ታየዋለህ።

እግረ መንገዴን፣ የአቪዬሽን ሐኪም ዘንድ ሄደሃል? ደብዳቤህ ላይ አላየሁትም። ያለዚያ ወረቀት ለብቻህ አትለቀቅም። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ የሐኪም ቀጠሮ ሲጠብቅ ጸደይ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ።

ትምህርት ቤት ልግባ ወይ ላልከኝ፣ ክለቡን ሳትተው ግባ። ቫሰርኩፐ ላይ ያለው ትምህርት ቤት በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል፣ ሥሩ እ.ኤ.አ. ከ1924 ይጀምራል። ከፍራንክፈርትም ብዙ አይርቅም፤ ከፉልዳ አለፍ ብሎ ነው። የሳምንትና የሁለት ሳምንት ሥልጠና ይሰጣሉ። ከዓመት ፈቃድህ አንድ ሳምንት ቆርጠህ ሂድ። በየቀኑ እየደጋገምክ፣ ከአንድ አስተማሪ ጋር፣ እንቅልፍህን ጠግበህ። ክለብህ ውስጥ ወራት የሚፈጅብህን እዚያ በአምስት ቀን ልታገኘው ትችላለህ። ከመሄድህ በፊት ለክለቡ ዋና አስተማሪ ንገረው፤ ተደብቀህ እንዳትሄድ። ይከፋዋል ብለህ አትፍራ። ምን ላይ እንዲሠሩልህ ወረቀት ጽፎ ይሰጥሃል። ተመልሰህ ግን ክለብህ ግባ። በትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ሰው ፈቃዱን ካወጣ በኋላ የሚበርበት ሜዳና አብሮት የሚውል ሰው ያጣል።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። በ41 በረራ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ጆፌ አሞራው ዞረህ አታውቅም ማለት ነው። ውጣ፣ ዙር፣ ውረድ ብቻ። ቢሰለችህ አይገርምም። ግንቦት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ላይ እንደ ጥጥ ክምር የመሰለ ደመና እዚህም እዚያም ብቅ ሲል፣ አንዱን ነባር አስተማሪ «ማረፍ ዛሬ ይቅርብኝ፣ ወደ ላይ ውሰደኝ» በለው። ጀርመኖቹ የሚወጣውን የሙቅ አየር ምሰሶ «ባርት» ይሉታል። ጢም ማለት ነው፤ ለምን ጢም እንዳሉት አትጠይቀኝ። ጢሙ ውስጥ ስትገባ ወንበሩ ከታች ቂጥህን ይገፋሃል። መውጣትህን የሚያሳየው መሣሪያ የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ክንፍ ቀና ሲል ወደዚያ ታጥፋለህ፣ ከዚያ መዞር ነው። አንድ ሰዓት እንደ አምስት ደቂቃ ያልፋል።

ጆፌ አሞራህን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ተፈጥሮ አጥኚ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች ድረስ መጥቶ ነበር። የፍራንክፈርት ልጅ ነው። አንዱ የጆፌ አሞራ ዘር ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚሁ ዘር አንዱ አቢጃን ላይ ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ከፍታው 11 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ነበር። ሩፔል ከፍራንክፈርት ደባርቅ አካባቢ ሄዶ አሞራ አየ፣ አንተ ከደባርቅ ፍራንክፈርት ሄደህ እንደ አሞራ ልትበር ነው። ደስ አይልም?

ባለቤትህ ጥያቄዋ ሁለት ነው፣ አንተ አንድ አድርገኸዋል። አንደኛው ፍርሃት ነው። እሱን በቁጥር መልስላት። ብዙ ክለብ የሚያስተምርበት አኤስካ 21 የሚባለው ባለሁለት ወንበር ግላይደር ነፋስ በሌለበት ከ400 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በስሌት 13 ኪሎ ሜትር ተንሳፍፎ ይሄዳል። ሞተር ስለሌለው እንደ ድንጋይ አይወርድም። ገመድ ሊበጠስ ይችላል፤ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሆን ብለው እያቋረጡ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ገፍቶ ፍጥነት መያዝን ያለማምዱሃል፣ ይህን ሳታሳይ ለብቻህ አይለቁህም። ግን «ምንም አደጋ የለውም» ብለህ አትዋሻት። አለው። መነሳትና ማረፍ ላይ የተሳሳተ ሰው ይጎዳል። እሷም ትልቅ ሰው ናት፣ እውነቱን ንገራት። ከፈለገች አስተማሪው ይዟት ይውጣ። ካልፈለገች አትጨቅጭቃት።

ሁለተኛው ግን ስለ ልጆቹ ነው፣ እዚህ ላይ እውነቷን ነው። ጠዋት ሂድ፣ እስከ ማታ ዋል ብያለሁና ቀኑ ከየት ይመጣል? ከእሷ። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በወር ሁለት ቅዳሜ የአንተ ይሁን፣ እነሱን ሙሉ ቀን ዋል። ሌሎቹ ሁለቱ የቤት ናቸው፤ ፀሐይ ብትወጣ፣ ሰማዩ በደመና ቢያምር፣ በመስኮት አታንጋጥ። አንዳንዴ ልጆቹን ይዘሃቸው ሂድ። እዚያ ሣር አለ፣ ሌሎች ልጆችም አይጠፉም። እዚያ አገር በብርዱ ወራት በረራ የለም፤ ቅዳሜዎቿን ያኔ መልስላት፣ ከጥገናው ሥራ የድርሻህን ሠርተህ። በሁለት ቅዳሜና በአንድ ሳምንት ሥልጠና፣ እስከሚቀጥለው መስከረም ለብቻህ ባትለቀቅ ነው የሚገርመኝ።

ያ ቀን ሲመጣ አስተማሪው ምንም ሳይል ከኋላ ወንበር ይወርዳል። ቀበቶውን ባዶ ወንበሩ ላይ ያስራል። ሽፋኑን ይዘጋልሃል። ቀለል ስላለ ቶሎ ይነሳብሃል፣ አትደንግጥ። ሦስቴ ብቻህን በርረህ ስትወርድ ደግሞ የጀርመኖቹ ወግ ይጠብቅሃል፦ እሾህና ኩርንችት የበዛበት እቅፍ አበባ በባዶ እጅህ ያስይዙሃል፣ ከዚያ ጎንበስ ትልና የክለቡ አባል በሙሉ ተራ ገብቶ ቂጥህን በጥፊ ይልሃል። ሙቅ አየሩ በደንብ እንዲታወቅህ ነው ይላሉ። ያ የ14 ዓመት ልጅም ሰልፍ ውስጥ ይኖራል፣ እጁም ከባድ ሳይሆን አይቀርም። ወፍራም ሱሪ ልበስ።